የገባ ሁሉ ገጥሟል ማለት አይደለም
ስለ ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ አቀያየር ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



አንድ መሥሪያ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። ጠዋት በር ተከፍቶ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ የኮምፒዩተሯን ማስነሻ ስትጫን መብራት የለም፤ ድምፅም የለም። ቀኑ የወሩ መጨረሻ ነው፤ የደመወዙ ዝርዝርም ያለው በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ባለሙያ ይጠራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሦስት ነገሮች በባለሙያው እጅ ይወድቃሉ፤ እነርሱም የመሥሪያ ቤቱ መረጃ፣ የመሥሪያ ቤቱ ንብረትና የባለሙያው የራሱ ሕይወት ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተበላሸው በእርግጥ ፓወር ሰፕላዩ መሆኑ መታወቅ አለበት። የግድግዳው ሶኬት፣ ገመዱና ስታቢላይዘሩ ሳይፈተሹ ካቻቢቴ ማንሣት የችኩል ሥራ ነው። እነዚህ ደኅና ከሆኑ መልቲሜትሩ ይናገር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው ደረጃ መሠረት በተሠራ ፓወር ሰፕላይ ላይ፣ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ሐምራዊው ሽቦ 5 ቮልት ይይዛል። አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ መነሣት ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካናማው 3.3 ቮልት ያሳያሉ። ከእነዚህ ልኮች መዛባት የሚፈቀደው እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። ማራገቢያው መዞሩ የጤንነት ማስረጃ አይሆንም፤ ሸክም ሳይኖርበት ደኅና መስሎ የሚታይ ፓወር ሰፕላይ ሥራ ሲጀምር ሊወድቅ ይችላልና።

ፓወር ሰፕላዩ መሞቱ ከተረጋገጠ በኋላ ትልቁ ስሕተት የሚሠራው በገበያ ላይ ነው። ባለሙያው የሞተውን ይዞ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ባለሱቁ ተመሳሳይ ኮኔክተር ያለው አዲስ ዕቃ ያወጣል፤ ኮኔክተሩ ይገባል፤ ዕቃው ይገዛል። ነገር ግን የገባ ሁሉ ገጥሟል ማለት አይደለም። ለዚህ የታወቀው ምሳሌ ዴል እ.ኤ.አ. ከ1998 ገደማ ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የሠራቸው ብዙ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ናቸው። በእነዚህ ላይ የነበረው ባለ 20 እግር ኮኔክተር በመልኩ ከኤቲኤክሱ ጋር አንድ ነበር፤ የሽቦዎቹ አሰላለፍ ግን ሌላ ነበር። የ3.3 ቮልቱ መስመር ከዋናው ኮኔክተር ወጥቶ ለብቻው ባለ 6 እግር ኮኔክተር ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ያላወቀ ሰው የተለመደውን ፓወር ሰፕላይ ሰክቶ ማስነሻውን ቢጫን፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩን ወይ ማዘርቦርዱን ያቃጥላል። በአንድ ርካሽ ዕቃ የሚድን የነበረው ኮምፒዩተር በጥገናው ምክንያት ይሞታል ማለት ነው።

ዛሬ ችግሩ መልኩን ለውጦ ይታያል። በርካታ የታወቁ ኩባንያዎች በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮቻቸው ላይ በአብዛኛው 12 ቮልት ብቻ የሚሰጥ፣ እግሮቹ ያነሱ የየራሳቸው ኮኔክተር ያለው ፓወር ሰፕላይ ይጠቀማሉ። ሣጥኑም ቀጭን ስለሆነ የተለመደው መጠን አይገባበትም፤ የብሎኖቹ ቀዳዳና የአየሩ መውጫም አይገናኙም። ስለዚህ ለምርጫ መነሻው የኮኔክተሩ ቅርጽ ሳይሆን በአሮጌው ዕቃ ላይ የተለጠፈው የክፍል ቁጥር ነው። በተመሳሳይ ቁጥር ካልተገኘ፣ እግር በእግር የተነጻጸረ መግለጫ ሳይያዝ መግዛት አይገባም።

የዋቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 በ63.5 ዋት ፓወር ሰፕላይ ሠርቷል። ዛሬ በመለያው ላይ 250 ዋት የሚል ዕቃ በ12 ቮልቱ መስመር 14 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ለዚያ መስመር ያለው ኃይል 168 ዋት ነው። የሚነጻጸረው እንግዲህ ጠቅላላው ዋት ብቻ ሳይሆን የየመስመሩ አምፔር ነው።

በአገራችን በተለይ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ከአሜሪካ በእርዳታ ወይም በዘመድ እጅ በሚመጡ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ ይገኛል። ከ115 ላይ ሳይነሣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ፣ ውስጣዊው ማጣመሪያ ቮልቴጁን ዕጥፍ አድርጎ ከ600 ቮልት በላይ ያደርሰዋል፤ ካፓሲተሮቹም ይፈነዳሉ። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ጀርባውን ማየት ብቻ ነበር።

ስለ ሕይወት ሲነሣ ደግሞ ወጣት ባለሙያዎች በጥብቅ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ፓወር ሰፕላዩ ከ220 ቮልት ተነሥቶ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ኃይል በትልልቅ ካፓሲተሮች ውስጥ ያከማቻል፤ ይህም ገመዱ ከተነቀለ በኋላ ሊቆይ ይችላል። ቫልቮላ ለመቀየር ብሎ ሣጥኑን የሚከፍት ሰው የተነቀለ ገመድ እያየ ሊሞት ይችላል። በዚያ ላይ የተቃጠለ ቫልቮላ አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ስለዚህ ልዩ ሥልጠናና መሣሪያ ለሌለው ሰው ደንቡ አንድ ነው፤ ሣጥኑ ሳይከፈት በሙሉ ይቀየራል።

ትክክለኛው ዕቃ ከተገኘ በኋላም ችኮላ አያስፈልግም። ገመዱ ይነቀላል፤ የየኮኔክተሩ ቦታ በወረቀት ይመዘገባል፤ አዲሱ ይታሰራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ግን ሀርድ ዲስኩ ተነቅሎ ይቆይ። ቮልቴጆቹ ተለክተው ደኅና መሆናቸው ሲታወቅ ብቻ ይመለስ። ማዘርቦርድ በገንዘብ ይተካል፤ በሀርድ ዲስኩ ላይ ያለው መዝገብ ግን ግልባጭ ከሌለው ምትክ የለውም።

ክቡራትና ክቡራን፤

በዚህ ሙያ ሁለት የቸኮሉ ቃላት ብዙ ንብረት ያጠፋሉ። አንደኛው «ሞቷል» የሚለው ሲሆን፣ በእርሱ ምክንያት አንድ ክፍል ብቻ የጎደለው ኮምፒዩተር ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይጣላል። ሁለተኛው «ይሆናል» የሚለው ነው፤ በእርሱም የማይገጥመው ይሰካል። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ባለሙያ የሚለካና የሚያነጻጽር፣ የሠራውንም በኮምፒዩተሩ ሣጥን ውስጥ ጽፎ ለሚቀጥለው ባለሙያ የሚተው ነው። የወሩ ደመወዝ በጊዜው የሚከፈለው በእንዲህ ያለው ሰው እጅ ነው።