ለገሐር፦ ግንቡ ቢተርፍ ታሪኩ ተረፈ ማለት ነው?



"ለገሐር! ለገሐር!" እያለ ረዳት ሲጣራ ያልሰማ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ "ላ ጋር"፣ ባቡር ጣቢያው ማለት ነው። ሕዝባችን በራሱ አፍ አስተካክሎ የራሱ አደረገው።

አፄ ምኒልክ የሐዲዱን ፈቃድ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተነሣ። ሐሳቡ ሐረር ለመግባት ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ሐዲዱ ቆላ ቆላውን ያዘ። በ1895 እዚያው ቆላው ላይ ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚያ በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ሥራው ለዓመታት ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ያስጀመሩት ንጉሥ በ1906 ስላረፉ ይህን አላዩም። ዛሬ የምናየው የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በ1922 ተመረቀ።

ይህ ቦታ ስንቱን አሳልፏል! በሚያዝያ 1928 አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ መስመር ነው። ፊት ለፊቱ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ጣልያን ነቅሎ ሮም ወሰደው። አንበሳው ግን ተመልሶ ቦታው ላይ ቆሟል። የተወሰደ ቅርስ ይመለሳል ማለት ነው፣ ጠያቂ ካለው!

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በ2009 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ለቡ ላይ ተመረቀ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ አዲሱ ባቡር አይሄድበትም። የለገሐር ዙሪያም በትልቅ ግንባታ እየተለወጠ ነው። ሁሉም ሰው "ሕንፃው እንዳይፈርስ" ይላል፤ ትክክል ነው። ግን ግንብ ብቻውን ይናገራል እንዴ?

የኩባንያው አለቆች ፈረንሳዮች ነበሩ። በ784 ኪሎ ሜትሩ ላይ ሐዲድ ሲጠግን፣ ፉርጎ ሲጭንና ሲያወርድ የኖረው ግን የእኛ ሰው ነው። ሐዲዱ ያለፈውም የአፋሩና የሶማሌው ከብት በሚሰማራበት ምድር ነው፤ የእነሱም ታሪክ አብሮ ካልተነገረ ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያውቁት አዲስ አበባና ድሬዳዋ ቤታቸው የተቀመጡ የምድር ባቡር ጡረተኞች ናቸው። እነሱ ደግሞ በየዓመቱ እያነሱ ነው።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየሰፈራችሁ ያሉትን የምድር ባቡር ጡረተኛ አባቶችና እናቶች ፈልጉ፤ ቁጭ ብላችሁ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። ስማቸውን፣ ዘመኑንና የሥራቸውን ዓይነት አትርሱ። ሁለተኛ፣ ሣጥን ውስጥ ያለውን ፎቶ፣ ቲኬትና የሥራ ወረቀት ፎቶ አንሡት፤ ዋናውን ለባለቤቱ መልሱ። ሦስተኛ፣ የሐዲድ ብረት ለቁራሌው ሲሸጥ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

አገር እወዳለሁ ማለት ቀላል ነው፤ አንድ ሽማግሌ ፊት ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ግን ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከዚህ ሳምንት እንጀምር።