የእጅ ጽሕፈትና የተማሪው ልብ



በካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ ባለችው በአል-ሳሃፋ ሰፈር ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ቤተ ሰቦች ኖረዋል። በዚያ ያደገ ሕፃን እጁን በሁለት መንገድ ያሠለጥናል፤ ዐረብኛውን ከቀኝ ወደ ግራ አያይዞ፥ የግዕዙን ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ነጣጥሎ ይጽፋል። ዐረብኛውን ሰሌዳውም፥ የገበያው ማስታወቂያም፥ የጨዋታ ጓደኛውም ያለማምዱታል። ፊደሉን ግን የሚያገኘው በቤት ወይም በቤተ ክርስቲያን፥ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነው። ያች ጥቂት ሰዓት በምን ትለፍ?

የብዙ መምህራን ልማድ «ጣትህን እጠፍ፥ ክንድህን አታወዛውዝ» ማለት ነው። ልጁም ታዝዞ ጣቱን ሲጠብቅ የ«ሐ» ሦስት እግሮች ይዛነፋሉ።

ጋብሪኤለ ቩልፍ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1998 ባወጡት ጥናት ሰዎችን የበረዶ መንሸራተትን በሚያስመስል መሣሪያ ላይ አቁመው፥ ከፊሎቹ እግራቸውን፥ ከፊሎቹ ከእግራቸው ሥር ያሉትን መንኰራኵሮች እንዲያስቡ አዘዙ። በኋላ ሲፈተኑ መንኰራኵሩን ያሰቡት በልጠው ተገኙ። ምክንያቱን ሲያስረዱ፥ ሰው የገዛ አካሉን ሲቈጣጠር በራሱ የሚካሄደውን እንቅስቃሴ ያውካል ይላሉ። በ2016 ደግሞ ከሬቤካ ሊውትዌይት ጋር፥ የመምረጥ ነፃነትና «ይሳካልኛል» የሚል ተስፋም የእጅና የእግርን ትምህርት ያፋጥናሉ ሲሉ ጻፉ። እርግጥ ማስረጃውን ደግመው የመረመሩ ሊቃውንት፥ የሚታተመው ይበልጡን የተሳካው ሙከራ ስለ ሆነ ጥቅሙ ተጋኗል ብለዋል። ቢሆንም ይህን መሞከር መምህሩን አንዳች ወጪ አያስወጣውም።

የብራና ጸሓፊም ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ብራናውን በወስፌ ያሰምራል፤ ዓይኑ የሚያርፈው ከጣቱ ላይ ሳይሆን ከመስመሩ ላይ ነው። ታዲያ ሕፃኑን «ጣትህን» ከማለት «የፊደሉን እግር ከመስመሩ አድርስ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያውን ቃል ራሱ ይምረጥ፤ ስሙን ወይም የአያቱን ስም። ሀ ሁ ሂ በተራው ይደርሳል። አጥርቶ የጻፈው አንድ ፊደል ካለም አስቀድሞ እርሱ ይታይለት።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ከእነዚህ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ተበትነዋል፤ በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩም አሉ። ዐረብኛ በቀና እጅ እየጻፈ በአማርኛ ክፍል ከታናናሾቹ ጋር የሚቀመጥ ልጅ ሰነፍ ሊባል አይገባውም። እጁ ሠልጥኗል፤ አዲስ የሚሆንበት የፊደሉ ቅርጽና የመስመሩ አቅጣጫ ነው፤ መምህሩም ይህን በመጀመሪያው ቀን ቢነግረው መልካም ነው።