ይቅር ከመባባላችን በፊት

(ከዐቢይ ጾም በፊት በነበረው የማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው። በቅበላው ሰሞን የተጣላ ይታረቅ የሚል ልማድ አለን። ሽማግሌ ይላካል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ «በሉ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ» ይባላሉ፤ ተነሥተው ይሳሳማሉ፤ ቡና ይፈላል። ደግ ልማድ ነው፤ ብዙ ትዳርና ብዙ ጉርብትና አድኗል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ መካከል ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አለ፤ ማን፣ በማን ላይ፣ ምን እንዳደረገ። «ያለፈውን አታንሱት» ተብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ፋሲካ ሳይደርስ ያው ጠብ ተመልሶ ሲነሣ እናያለን። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ያን ሁሉ ቀን ቂም ይዞ መጾም ትርፉ ድካም ነው።

ከመካከላችን የንስሐ አባት ያለን አለን፤ በወንጌላውያን ጸሎት ቤት የምናመልክም አለን። ሥርዓታችን ይለያይ እንጂ ኃጢአትን መናዘዝ የሁላችንም ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ ነው፤ ካህኑ ሰምቶ ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት ቀኖና ይሰጣል። ለጾምና ለስግደትስ ሴቶችን ማን ይቀድመናል? የሚከብደው አፍን ከፍቶ ነገሩን በስሙ መጥራቱ ነው። «አባቴ፣ ያው ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት ቀላል ነው፤ ሰው ሁሉ ኃጢአተኛ ነውና አያሳፍርም። «የእህቴን የውርስ ድርሻ ወስጃለሁ» ማለት ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። በስቅለት ዕለት ተሰልፎ በወይራ ጥብጣብ መቀበልም እንዲሁ ነው፤ የታዘዘው ቁጥር ይሰገዳል፣ ሰውነት ይቀልላል፤ የእህቲቱ ድርሻ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ንጉሥ ዳዊትን እናስብ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ሲመጣ አልተሳደበም፤ ብዙ በጎች ያሉት ባለጸጋ የድሃውን አንዲት በግ እንደ ወሰደ ታሪክ ነገረው። ዳዊት በባለጸጋው ላይ ነደደ፤ ሞት ይገባዋል ብሎ ፈረደ። የሌላውን ኃጢአት ለመፍረድ ሰው ሁሉ ፈጣን ነው። ናታንም ያ ሰው ራሱ ንጉሡ መሆኑን ገለጠለት። ዳዊት ጦርነቱን ምክንያት አላደረገም፤ ቤርሳቤህንም አልወነጀለም፤ በደሉ የእርሱ መሆኑን ተናገረ። ይቅርታም አገኘ። ኦርዮ ግን አልተነሣም።

ኃጢአትን የሚያለሳልሱ ስሞች በየሰፈሩ አሉ። ሐሜት «ጨዋታ» ይባላል። የማኅበር ገንዘብ ይዞ መቆየት «ትንሽ እጅ አጠረኝ» ነው። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ሦስትና አራት ወር ሲያዝ «እየተጠራቀመላት ነው፤ እጇ ላይ ቢገባ ታባክነዋለች» የሚል መልስ ይሰጣል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 የአጫጆች ደመወዝ ሲቀርባቸው ደመወዙ ራሱ እንደሚጮኽ፣ ጩኸቱም ከእግዚአብሔር ጆሮ እንደሚደርስ ጽፏል። ልጅቷ ዝም ብትልም ማለት ነው። ለሴቶች በተቋቋመ ማኅበር ይህ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም፤ ያቺም ሴት ናት።

በስሙ ከተጠራ በኋላ መመለስ አለ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 የበደለ ሰው በደሉን እንዲናዘዝ፣ የወሰደውን ሙሉውን እንዲመልስ፣ አንድ አምስተኛም እንዲጨምርበት ያዝዛል። እቁብ ለለመድን ለእኛ ሒሳቡ ግልጽ ነው፤ 1,000 ብር የወሰደ 1,200 ይመልሳል። ዘኬዎስማ አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ፤ ያውም የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ሰጥቶ። ጌታም በተራራው ስብከት መባ ይዞ የመጣ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለ ካስታወሰ መባውን መሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዟል። ለታቦት ጃንጥላ ስለት አግብቶ የጎረቤትን ብድር መርሳት ከዚህ ጋር አይሄድም። ጃንጥላው ያምራል፣ እሱስ አዎ።

ስለ ይቅርታ ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው ጴጥሮስ የጠየቀውን ነው፤ ሰባት ጊዜ ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ፣ ጌታም ቁጥሩን ወደ ሰባ ጊዜ ሰባት ከፍ አደረገበት። ይህ በማቴዎስ ምዕራፍ 18 ይገኛል። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቀደም ብሎ ያለው ግን ብዙ አይነገርም። የተበደለ ሰው መጀመሪያ ከበደለው ጋር ለብቻ እንዲነጋገር፣ ካልሰማው አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ እንዲሄድ፣ ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን እንዲነግር ቅደም ተከተል ተቀምጧል። በየሰፈሩ ይህ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ ቡና ላይ ሦስተኛ ሰው ይሰማል፤ ቀጥሎ ሰፈሩ፤ ባለቤቷ በመጨረሻ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ የተበደለው ዝም ይበል አልተባለም፤ ሄዶ ይናገር ነው የተባለው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ይቅር በዪው፣ አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ?» ብሎ ማጣደፍ በእኛ አስተያየት ሌላ በደል መጨመር ነው። ይቅር ልትለው ትችላለች፤ እሱ በእርሷና በፈጣሪዋ መካከል ያለ፣ ጊዜ የሚወስድ ጉዳይ ነው። ወደ ዱላው መመለስ ግን የይቅርታ ግዴታ የለበትም። እርሱ ያደረገውን በስሙ ሳይጠራ፣ እጁንም ሳይሰበስብ «ታርቀዋል» ብሎ መመስከር የሽማግሌም የማኅበርም ሥራ አይሁን። የእኛ ሥራ እርሷና ልጆቿ የሚያድሩበትን መፈለግ፣ ካስፈለገም ፖሊስ ጣቢያ አብሮ መሄድ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ኃጢአት ያልሆነውን ኃጢአት ብለው የተሸከሙም እህቶች አሉ። ጽንስ የወረዳት፣ ልጅ የሞተባት፣ በጉልበት የተደፈረች ሴት «ምን በድዬ ይሆን?» እያለች ስታለቅስ ትኖራለች። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ፤ የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ ጌታ መለሰላቸው። እንዲህ ያለችው እህት የሚያስፈልጋት ቀኖና አይደለም፤ አብሯት የሚቀመጥ ሰው ነው።

ጾሙ እስኪገባ ሁለት ሳምንት አለን። ሽማግሌ ከመላካችን በፊት መሄድ የሚገባን ቤት ካለ ለብቻችን ሄደን እናንኳኳ። ንግግሩ ረጅም አይሁን፤ «ይህን አድርጌብሻለሁ፤ ይህን ያህል ይገባሻል፤ ይኸው» ካልን ይበቃል። መልሱን እዚያው ካልሰጠሽን አንበል፤ አስባበት ትምጣ። የምትመልሰው ገንዘብ በአንድ ጊዜ የሚከብዳት ብትኖር ከገንዘብ ያዣችን ጋር ለብቻ ተነጋግራ በየወሩ ትከፋፍለው፤ ስሟ በስብሰባ አይነሣም። ቡናው ደርሷል፤ ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን እንስማችሁ።