ለክፍቱ ወንበር ማንን እንደግፍ?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ለብዙዎቻችሁ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። የሚኒስትር ወንበር አይደለም፤ የአምባሳደርም ሹመት አይደለም። በላስታ፥ ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ወጣ ብሎ፥ የነአኩቶ ለአብ ደብር በሚገኝበት አገር፥ የአንድ ቀበሌ ሊቀ መንበር ቦታ ክፍት ሆኗል። ወረዳው ሰው ሊሾምበት ነው። ከዚያ አገር የመጣን ተማሪዎችም የድጋፍ ደብዳቤ እንድንጽፍ ተጠይቀናል። የቀረቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ባለፈው ዓመት ከእኛው መካከል የተመረቀ ወንድማችን ነው፤ ሁለተኛዋ በዚያው ቀበሌ የምታስተምር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ሁላችሁም ስለምታውቋቸው ስማቸውን አልጠራም። እኔ በበኩሌ መምህርቷን እንድንደግፍ ልለምናችሁ ቆሜአለሁ፤ ምክንያቴንም በተራ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ወንበሩ ምን ይሠራል የሚለው ነው። ከከተማ ሆነን ስናየው የቀበሌ ሊቀ መንበር ማኅተም ከመምታትና ስብሰባ ከመጥራት ያለፈ ሥራ ያለው አይመስለንም። ነገር ግን ገበሬው በመሬት ደብተሩ ላይ ወሰኑ ሲሳሳትበት የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ ልጁ መታወቂያ ሲያስፈልገው የሚሄደው ወደዚያው ነው፤ ማዳበሪያ በጊዜው ሳይደርስ ሲቀር አቤት የሚለውም እዚያው ነው። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲ ኔት የተባለው ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፥ ማን በዝርዝሩ ይግባ፥ ማን ይውጣ የሚለው ነገር በቀበሌ በሚቀመጥ ኮሚቴ የሚታይ ሆኗል። የላስታን መሬት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማሳው ጠባብ ነው፥ ቁልቁለት ነው፥ ዝናቡም አንድ ዓመት ቢመጣ ሌላውን ዓመት ይቀራል። እንዲህ ባለ አገር በዝርዝር ላይ የሰፈረ አንድ ስም የወራት ቀለብ ነው፤ ያለ አግባብ የተሰረዘ ስምም የወራት ረኃብ ነው። ገበሬው በዕድሜው አንድም ሚኒስትር ሳያይ ሊሞት ይችላል፤ ሊቀ መንበሩን ግን ሳያይ የሚያልፈው ወር የለም። ስለዚህ ወንበሩን ትንሽ አትበሉት።

ሁለተኛው ጥያቄ ይህን ወንበር የሚሞላው ማን ነው የሚለው ነው። በቀድሞው ዘመን በመንደሩ ግብር የሚያስገባውና ትእዛዝ የሚያወርደው ጭቃ ሹም ነበር። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ከጠቅላይ ግዛት ገዥ ጀምሮ ሹመቱ ከማዕከል እንዲወርድ አደረገ። በ1958 ዓ.ም. በትእዛዝ ቁጥር 43 አውራጃዎች በመረጡት ምክር ቤት ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ ታስቦ ነበር፤ ፓርላማው ግን ሳይቀበለው ቀረና ነገሩ ከወረቀት አላለፈም ማለት ይቻላል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ገበሬው በማኅበር ተደራጅቶ መሪውን እንዲመርጥ ተፈቀደለት፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ያው የገበሬ ማኅበር የእህል ኮታ ማስከፈያና የወታደር መመልመያ ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ደነገገ። የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው ግን ተራዘመ። ከዚያ ወዲህ የሚለቀቀው ወንበር ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በሹመት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር አለ። ሕጉ በየጊዜው ተለዋውጧል፤ የሹሙ ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ እንደዞረ ኖሯል። ይህ ምን እንደሚያመጣ ወሎ በ1965 ዓ.ም. አይቶታል። ገበሬው በየመንገዱ ሲረግፍ ወሬው እንዳይሰማ ታፈነ፤ ከላይ የተሾመ ሹም የሚፈራው የሾመውን እንጂ የተሾመበትን ሕዝብ አይደለምና። በዚያን ጊዜ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው፥ ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና ለዩኒቨርሲቲው ሰዎች አሳዩ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያም የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነገሩን ለዓለም ገለጠው። እነዚያ መምህራን ባለ ሥልጣን አልነበሩም፤ ለመሾምም ለመሻርም አይችሉም ነበር። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ያዩትን መመስከር ነው። እኛም ዛሬ የተጠየቅነው ከዚህ የተለየ አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤ ማለት ምስክርነት ማለት ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ይናገራል እንጂ የወደደውን አይናገርም።

ሦስተኛው ነገር ከአገራችን ትረካ የምናገኘው ትምህርት ነው። የነአኩቶ ለአብን ዋሻ የተሳለመ ሰው ሁሉ ከጣሪያው እየተንጠባጠበ በድንጋይ ገበታ የሚጠራቀመውን ጠበል ያውቃል። ደብሩ የተጠራበትን ንጉሥ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? ነአኩቶ ለአብ የንጉሥ ላሊበላ የወንድም ልጅ ነበር። በትውፊት እንደሚነገረው፥ ንግሥት መስቀል ክብራ ላሊበላን መክራ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ እንዲለቅ አደረገችው። ወጣቱ ነገሠ። ከ18 ወር በኋላ ግን ወታደሮቹ ለንጉሡ ማዕድ ሲሉ የአንድ ድኻ ገበሬ አንዲት ላም ወሰዱበት፤ ከእርስዋ ሌላም አልነበረውም። ይህ በንግሥቲቱ ዘንድ ተሰማ፤ እርስዋም ባልዋ ወደ ዙፋኑ እንዲመለስ መከረችው፤ እርሱም ተመለሰ ይባላል። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት ነገሩ እንዲህ በሰላም የተፈጸመ አይመስላቸውም፤ ትረካው የሥልጣን ሽኩቻን የሸፈነ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይሁን። ለእኛ የሚጠቅመን ሕዝቡ ትረካውን ሲጠብቅ ምን አስታወሰ የሚለው ነው። ሕዝቡ ንጉሥ ለመሻሩ በቂ ምክንያት አድርጎ የያዘው የጦር ሽንፈትን አይደለም፥ የግምጃ ቤት መጉደልን አይደለም፤ የአንዲት ላም ነገር ነው። ንጉሡ ራሱ ላሟን ነዳ አልተባለም። በስሙ ተነዳች፥ እርሱም አላወቀም፥ ወይም አልጠየቀም። ለሕዝቡ ፍርድ ይኸው በቃ።

ስለዚችው ንግሥት የሚነገር ሌላም ነገር አለ። አቡነ ሚካኤልን አግባብታ ወንድምዋን ሒሩንን ኤጲስ ቆጶስ አስደረገችው፤ ጥቂት ዓመታት ቆይተው ጳጳሱ ሥልጣኔን ቀማኝ ብለው ወደ ግብጽ ተመለሱ። እንግዲህ አስተዋዩዋ ንግሥት እንኳ የድኻውን ላም ያየች ዓይኗ የወንድምዋን ጉድለት ለማየት ሰንፏል ማለት ነው። ዘመድን መደገፍ ቀላል ነው፤ ዘመድን መመዘን ግን ከባድ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሰዎች ልመለስ። መምህርቷ ከእኔ ጋር ዝምድና የላትም። የምመሰክረው ይህን ነው። የሴፍቲ ኔቱ ዝርዝር ባጨቃጨቀበት ዓመት እርስዋ በኮሚቴው ጸሐፊ ነበረች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ በዛፉ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ፥ ዝርዝሩን ከመጀመሪያው ስም እስከ መጨረሻው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው የገዛ እኅቷን ስም ተቃወሙ፤ ባሏ ከተማ ደመወዝተኛ ነው አሉ። መምህርቷ አልተቆጣችም፤ ጉባኤውን ጠየቀች፥ ጉባኤውም እውነት ነው አለ፥ በዚያው ሰዓት በእስክርቢቶ ሰረዘችው። በቦታውም አንዲት አሮጊት ገቡ። ከዚህ ስብሰባ ውስጥ ይህን በዓይናችን ያየን አራት ሰዎች አለን። እኅቷ እስከ ዛሬ አኩርፋት እንደሆነ ሰምቻለሁ።

ወንድማችን ደግሞ ዛሬ እዚሁ መካከላችን ተቀምጦ ይሰማኛል፤ ከኋላው ከምናገር ከፊቱ መናገር ይሻላል ብዬ ነው። ትጉህ ተማሪ ነበር፤ ክፉ ሥራ አላየሁበትም። ነገር ግን የሕዝብ ነገር በእጁ ገብቶ ሲይዘው አላየንም። አላየንም ማለት ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ምስክር ልንሆንለት አንችልም ማለት ብቻ ነው። የተማረ ሰው ለቀበሌው ያስፈልጋል የምትሉ እውነት አላችሁ። ትምህርቱ ሒሳብ አያያዝ ነውና በወረዳው ገንዘብ መሥሪያ ቤት ቢገባ ለሃያ ቀበሌ ይጠቅማል። ለዚያ ቦታ ደብዳቤ ጻፉ ብትሉኝ የመጀመሪያውን ፊርማ እኔ እፈርማለሁ፤ ለዚያ ግን ዲፕሎማው ራሱ በቂ ምስክር ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ሴት ናት፥ በዚያ ገደልና ሸለቆ መዞሩ ይከብዳታል ትላላችሁ። በዚያ ገደል ውኃ ቀድታ እንጨት ለቅማ ያደገች ሴት መንገዱ የሚከብዳት ለሊቀ መንበርነት ሲሆን ብቻ ነውን? ባነሣሁት ትረካ ውስጥም ላሟን ያስተዋለችው ሴት እንደ ነበረች አትርሱ።

የመጨረሻውና ከባዱ ተቃውሞ ይህ ነው፤ በሹመት ለሚሞላ ወንበር ድጋፍ መስጠት ራሱ ምርጫ የመቅረቱን ነገር ማጽደቅ አይሆንምን? ይህን ያነሡት ወንድሞች ቀላል ነገር አላነሡም። ነገር ግን እኛ ዝም ብንል ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ያለ ምስክር ይሞላል እንጂ። ስለዚህ ደብዳቤውን እንጻፍ፤ ግን በሦስት ሁኔታ ይሁን።

አንደኛ፥ ደብዳቤው ያየነውን ብቻ ይናገር። ጎበዝ፥ ታማኝ፥ ለሕዝብ ቆርቋሪ የሚሉ ቃላት ለሁሉም ሰው ይጻፋሉ፤ የዛፉን ሥር ጉባኤ እንደሆነው አድርገን እንጻፍ፥ ያየነውም አራታችን በስማችን እንፈርም።

ሁለተኛ፥ ሹመቱ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ የሚቆይ መሆኑን ደብዳቤው በግልጽ ይናገር፤ ምርጫውም እንዲደረግ ይጠይቅ። ግልባጩ ለወረዳው ብቻ ተሰጥቶ አይቅር፤ በቀበሌው ደጃፍ ይለጠፍ፥ ማንበብ ለማይችሉም ይነበብላቸው። ሕዝቡ ያልሰማው ድጋፍ አማላጅነት ነው።

ሦስተኛ፥ በክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ዝርዝሩ ዛሬም በጉባኤ ይነበባልን? ብለን እንጠይቅ። መነበቡን ትታ እንደሆነ ዛሬ የፈረምነው እነዚያው ሰዎች፥ ለዚያው መሥሪያ ቤት፥ ምስክርነታችንን ማንሣታችንን እንጻፍ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ለማንሣት እንደሚችል ይናገራል፤ በሹመት ለተቀመጠ ሰው ድጋፍ የሰጠን እኛም ቢያንስ ድጋፋችንን የማንሣት ግዴታ አለብን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በአገራችን ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል ተረት አለ። ሰው ተሹሞ ሲሄድ ይህን እየተረትን ነው የምንሸኘው፤ ከዚያም ሲበላ እናማርረዋለን። ከሁለቱ አንዱን መተው አለብን። እኛ የተማርነው ከዚያ ጠባብ ማሳ በተገኘ እህልና ገንዘብ ነው፤ የምናውቀውን ያህል መመስከር ለዚያ ብድር ትንሹ ክፍያ ነው። ወንድማችን የሚለው ነገር ካለው ቀጥሎ ይናገር፤ በጥሞና እናዳምጠዋለን። ከዚያም እጃችንን አውጥተን እንወስን፤ ውሳኔውም ከነቁጥሩ በማኅበሩ መዝገብ ይግባ።