መሰንቆና ድምፅ ማጉያ



ከሰማኋቸው የሙዚቃ ዝግጅቶች የበለጠውንና የከፋውን እንድናገር ታዝዣለሁ።

የበለጠው ግራና ውስጥ በሠርግ ዳስ የሰማሁት የአዝማሪ ጨዋታ ነው። መሰንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ብቻ ስላለው ድምፁ ከዳሱ ብዙም አይርቅም፤ ሰውም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። አንዲት እናት «ተቀበል!» ብለው፣ ዓረብ አገር ስለ ቀረችው ልጃቸው ግጥም ሰጡ። አዝማሪው ተቀብሎ በአምባሰል ቅኝት ሲመልሰው ሙሽራው ሳይቀር አለቀሰ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የወሎን ቦታዎች ስም የያዙ መሆናቸው ያን ቀን ገባኝ።

የከፋው በአንድ ከተማ አዳራሽ ነበር። ዘፋኙ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ አስከፍቶ አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። ከኋላችን አንድ ሰው ሦስት ጊዜ «ተቀበል!» ቢል የሰማው የለም።

ድምፅ ማጉያን መንቀፌ አይደለም፤ በጥር 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሌይ 60ኛ ልደት በመስቀል አደባባይ ሲከበር ያለ እርሱ ማን ይሰማ ነበር? ነገር ግን ለሚመጣው የባህል ምሽታችን ማጉያ እንከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ የምለው፣ ገንዘቡ ለአዝማሪው ይከፈል፤ እኛም ወንበሩን አንሥተን በዙሪያው እንቀመጥ።