አዲሱ መሐንዲስና የመጀመሪያው የሥራ ደጃፍ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



የዚህ ንግግር ርእስ የምህንድስና ትምህርት የመጨረሻው ዓመትና ከምርቃት በኋላ የሚከተለው የመጀመሪያ ሥራ ፍለጋ ነው። ስለ ግድቦች፣ ስለ መንገዶችና ስለ ድልድዮች በሚነገርበት ጉባኤ ይህ ጉዳይ አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ግድቡንም ሆነ ድልድዩን የሚሠራው ሰው ስለሆነ፣ ያ ሰው ከትምህርት ገበታ ወደ ሥራ ቦታ የሚሸጋገርበትን ጊዜ መመርመር የሙያው መሠረታዊ ጉዳይ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው የምህንድስና ተመራቂን ነው፤ ተመራቂውን መሐንዲስ የሚያደርገው ግን የመጀመሪያው ሥራና በዚያ ሥራ ላይ የሚያገኘው ነባር ባለሙያ ነው። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት የሚሰጥ በጠፋ ጊዜ የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ልፋት ይባክናል፤ ጉዳቱም በተመራቂው ላይ ብቻ አይቀርም።

ያለፈው ዘመን አሠራር

በኢትዮጵያ የምህንድስና ትምህርት በኮሌጅ ደረጃ የተጀመረው በ1945 ዓ.ም. ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም.፣ የመብራት ኃይል ባለሥልጣን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተቋቁመዋል። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትም በ1955 ዓ.ም. ተከፍቷል። በዚያ ዘመን ተመራቂው ጥቂት፣ የሚጠብቀው ሥራ ግን ብዙ ነበር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ከግቢው ወጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያገለግሉበት ሥርዓት ነበር። አብዛኞቹ ያገለገሉት በአስተማሪነት ቢሆንም፣ ተማሪው አገሩን ሳያይ ዲግሪ እንዳይቀበል የሚያደርግ ልማድ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻም፣ ዓላማው ሌላ ቢሆንም፣ ብዙ ወጣቶችን ከመጽሐፍ ወደ ገጠር ሕይወት አውጥቷል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት የደርግ ዓመታት ተመራቂውን በየመሥሪያ ቤቱ የሚመድበው መንግሥት ነበር። ምደባው ጉድለት አልነበረበትም ሊባል አይችልም። ወጣቱ የሚሠራበትን ቦታ ለመምረጥ የነበረው ዕድል ጠባብ ነበር፤ ሙያውና የተመደበበት ሥራ ሳይገጣጠሙ የቀሩበትም ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሆኖም አንድ ሊዘነጋ የማይገባው በጎ ገጽታ ነበረው፤ ይኸውም ተመራቂው የሚቀበለው አለቃ፣ የሚቀመጥበት ጠረጴዛና በቅርብ የሚጠይቀው ታላቅ ባለሙያ ነበረው ማለት ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ኢኮኖሚው ወደ ነፃ ገበያ ሲያመራ የማዕከላዊው ምደባ ቀረ። መቅረቱ በራሱ ስሕተት አልነበረም፤ ነገር ግን ምደባው ይሠራው የነበረውን የርክክብ ሥራ በቦታው ተተክቶ የሚሠራ አካል አልተገኘም።

በ2001 ዓ.ም. አካባቢ ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ለቴክኖሎጂ እንዲሆን መንግሥት ወሰነ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ቁጥር እያደገ ሄዶ ከ40 በላይ ሆነ። በነዚያው ዓመታት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ መንገዶች፣ የባቡር ሐዲዶችና የኃይል ማመንጫዎች በስፋት ይሠሩ ስለነበር አዲሱ ተመራቂ በአብዛኛው ቦታ አላጣም። ዳሩ ግን ግንባታ እንደ ውኃ ሙላት ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላልም። ብድር ሲጠብ፣ የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋ፣ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ ሲንር ሥራው ይቆማል፤ የምርቃቱ ቀን ግን በየዓመቱ ሳይቋረጥ ይመጣል።

የመጨረሻው ዓመት

ተማሪው አምስተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ ሦስት ሸክሞች በአንድ ጊዜ ይጫኑበታል። አንደኛው የመመረቂያ ፕሮጀክቱ ነው። ሁለተኛው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና ነው። ሦስተኛው፣ በየትኛውም የትምህርት ሰሌዳ ላይ የማይጻፈው፣ «ከዚህ በኋላ ወዴት?» የሚለው ሐሳብ ነው።

ስለ ፕሮጀክቱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች በቡድን ሆነው የአንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ንድፍ ማዘጋጀታቸው የተለመደ ነው። ስሌቱ በኮምፒዩተር ይሠራል፤ ሥዕሉ ይነሣል፤ ጥራዙም ለፈታኞች ይቀርባል። የአፈሩ የመሸከም ኃይል ግን ብዙውን ጊዜ «ይህን ያህል ነው እንበል» ተብሎ የሚወሰድ ቁጥር ነው። ያው ተማሪ ነገ በሥራ ቦታ ላይ የሚያጋጥመው ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጠቅ ጥቁር የመረሬ አፈር ነው። መጽሐፉ ስለዚህ አፈር አልነገረውም ማለት አይደለም፤ ጉድጓዱ ሲቆፈር ቆሞ አፈሩን በእጁ አላሸውም ማለት እንጂ።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በአራተኛው ዓመት የሚሰጥ የተግባር ልምምድ አለ። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ልምምዱ በተማሪው ዕድል ላይ የተመሠረተ ሆኗል። አንዱ ልኬት የሚያስይዘው፣ የክፍያ ሰነድ የሚያሳየውና ሲሳሳት የሚያርመው መሐንዲስ ያገኛል። ሌላው ደግሞ «ከእግር ሥር አትግባ» ተብሎ ሁሉንም ነገር ከሩቅ አይቶ፣ በመጨረሻ የሚፈረምለትን ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ሁለቱም ወረቀቶች በመዝገብ ቤት እኩል ይቆጠራሉ።

ፍለጋው

የምርቃቱ ዕለት ለቤተሰብ ታላቅ ቀን ነው። ወላጆች ከገጠር ሳይቀር መጥተው ልጃቸውን በጥቁር ካባ ያዩታል፤ ዘመድ አዝማድም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ያው ልጅ ጊዜያዊ ዲግሪውንና የውጤት ማስረጃውን በፋይል ይዞ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ቀድሞ አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይቶ የክፍት ሥራ ገጹን መገልበጥ የሥራ ፈላጊው ልማድ ነበር፤ ዛሬ ማስታወቂያው በእጅ ስልክ ይመጣል። መንገዱ ተለወጠ እንጂ ይዘቱ አልተለወጠም፤ «ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሥራ ልምድ ያለው» ይላል። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ አንድ ቀን የወጣ እንደሆነም ለጥቂት ቦታ የሚሰለፈው ብዙ ነው። በሰልፉም ላይ ከዲግሪው በፊት የሚጠየቀው ሹክሹክታ «ውስጥ ሰው አለህ ወይ?» የሚል ነው።

የሴት መሐንዲሶች ሁኔታ ተጨማሪ ችግር አለበት። ማስታወቂያው «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል፤ ሥራው ከከተማ ርቆ ሲገኝ ግን «ካምፑ አይመችም» የሚል ምክንያት ይቀርባል። ካምፑ የማይመች ከሆነ መስተካከል የሚገባው ካምፑ ነው። በዚህ ምክንያት ከሥራ ቦታ የራቀች ባለሙያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «የመስክ ልምድ የላትም» ተብላ ዳግመኛ ትከለከላለች።

ለአሠሪውም ፍትሕ መስጠት ይገባል። ተቋራጩ የውል ቀን አለበት፤ የዘገየበት ቀን በገንዘብ ይቀጣዋል። አዲስ ተመራቂ ቀጥሮ ስድስት ወር ቢያስተምረው፣ በሰባተኛው ወር ጥቂት መቶ ብር የጨመረለት ሌላ ድርጅት ይወስድበታል። ስለሆነም «የሠለጠነውን ልውሰድ» ማለቱ ለአንድ ድርጅት ብቻ ሲታይ ምክንያት አለው። ነገር ግን ሁሉም ድርጅት የሠለጠነውን ብቻ የሚሻ ከሆነ አሠልጣኙ ማን ሊሆን ነው? እያንዳንዱ ሳይዘራ ከጎረቤቱ ማሳ ለማጨድ ቢጠብቅ ውሎ አድሮ የሚታጨድ አይኖርም።

ጉዳቱ በማን ላይ ነው?

ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው። ተመራቂው አንድና ሁለት ዓመት ያለ ሥራ በተቀመጠ ጊዜ የተማረው ይቀዘቅዛል፤ በራሱ ላይ ያለው እምነትም ይላላል። ከፊሉ ሙያውን ትቶ ያገኘውን ይሠራል፤ ከፊሉ ወደ ውጭ አገር መውጫ ይፈልጋል። ከሁሉ የከፋው ግን የሐሰት የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማጻፍ የሚገፋፋው ነው። እንዲህ ያለው ወጣት የሙያ ሕይወቱን በሐሰት ፊርማ ይጀምራል፤ ነገ በክፍያ ሰነድና በጥራት ማረጋገጫ ላይ የሚፈርመውም ይኸው እጅ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ የታወቀ የሥራ ቦታ ጉዳይ በምሳሌነት ይነሣ። የሶሌታ ኮንክሪት በሚሞላበት ቀን ድብልቁ ጠጠር ሲልባቸው ሠራተኞቹ ለመግፋት እንዲቀላቸው ውኃ ይጨምሩበታል። አዲሱ መሐንዲስ የውኃው መጠን ከሲሚንቶው ጋር ሲነጻጸር ከልክ ባለፈ ቁጥር የኮንክሪቱ ብርታት እንደሚቀንስ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፈተና ላይ ጽፎታል። ነገር ግን ሃያ ዓመት በሥራው የቆየውን ፎርማን ፊት ለፊት «አቁም» ለማለት እውቀት ብቻ አይበቃም። ከኋላው ቆሞ «ልክ ነህ» የሚለው ታላቅ መሐንዲስ ያስፈልገዋል። ይህ ሰው በሌለበት ወጣቱ ዝም ማለትን ይማራል። ናሙናው በ28ኛው ቀን ተሰብሮ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሲገኝ በላዩ ሌላ ፎቅ ተሠርቶበታል። ከሕንፃው ሥር የሚኖረው ሕዝብ ይህን ታሪክ አያውቅም፤ አደጋውን የሚሸከመው ግን እሱ ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል?

አንደኛ፤ የማኅበሩ አባላት በየሚመሩት የሥራ ቦታ ለልምምድ የሚመጣውን ተማሪ በተወሰነ ኃላፊነት ላይ ቢያሰማሩት ይጠቅማል። የዕለት መዝገብ መያዝ፣ የፌሮ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ የኮንክሪት ናሙና ሲወሰድ መገኘት፣ ልኬትን ከሥዕል ጋር ማመሳከር፣ እነዚህ ሁሉ ለድርጅቱ ወጪ የማይሆኑ፣ ለተማሪው ግን ትልቅ ትምህርት የሚሆኑ ሥራዎች ናቸው።

ሁለተኛ፤ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርእስ ከእውነተኛ ችግር ቢነሣ መልካም ነው። በአንድ ወረዳ ያለ የውኃ መስመር፣ ጎርፍ የሚያስቸግረው የመንገድ ቱቦ፣ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ፣ የአፈሩ ምርመራ ያለበት ቦታ ርእሱን ሊሰጥ ይችላል። አባላት ርእሱንና መረጃውን ለዩኒቨርሲቲዎች ቢያቀርቡ፣ በመከላከያው ዕለትም በፈታኝነት ቢገኙ፣ ተማሪው ቀጣሪውን፣ ቀጣሪውም ተማሪውን ከምርቃት በፊት ያውቀዋል። ያን ጊዜ «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ሠርተሃል?» በሚለው ይተካል።

ሦስተኛ፤ እያንዳንዱ ድርጅት ከሚቀጥራቸው መሐንዲሶች መካከል ለጀማሪ የሚሆን ቦታ ይለይ፤ ለጀማሪውም በስም የታወቀ ታላቅ ባለሙያ ይመደብለት። የሙያ ምዝገባው ተመራቂ መሐንዲስንና ባለሙያ መሐንዲስን በደረጃ የለየው በመካከላቸው የልምድ መንገድ እንዳለ በመገንዘብ ነው፤ መንገዱን የሚያስኬደው ሰው ካልተገኘ ደረጃው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሥልጠናው በውል ቢታሰር ወጣቱም ለተወሰነ ጊዜ በድርጅቱ እንዲቆይ ይገደዳል፤ የአሠሪውም ሥጋት ይቀንሳል።

አራተኛ፤ የሐሰት ማስረጃ ባለመጻፍ ረገድ አባላት የማያወላውል አቋም ይኑራቸው። ለዘመድ ልጅ በርኅራኄ የተጻፈች አንዲት ወረቀት በሐቅ የሠራውን ሌላ ወጣት ከቦታው ታፈናቅለዋለች፤ ርኅራኄውም ወደ በደል ይለወጣል።

ተመራቂውም ከዚህ ሁሉ የራሱ ድርሻ አለው። የመጀመሪያ ደመወዙን መጠን ብቻ ሳይሆን በሥሩ የሚማርበትን ሰው ማንነት መመዘን ይኖርበታል። ከአናጺው፣ ከግንበኛውና ከፌራዮው መጠየቅን እንደ ውርደት ሊቆጥር አይገባም፤ በእነሱ እጅ ያለው እውቀት በየትኛውም ጥራዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አይገኝም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። የአንድ ዓመት ተመራቂዎችን ሁሉ አንድ መሥሪያ ቤት ልቀጥር ቢል አይችልም። ነገር ግን ከአባላቱ እያንዳንዱ በዚህ ዓመት አንድ ጀማሪ ቢቀበል፣ ስሙን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢያስመዘግብና በሚቀጥለው ጉባኤ ጀማሪው ምን እንደ ሠራ ቢያስረዳ፣ ከብዙ የውሳኔ ሐሳብ የበለጠ ፍሬ ይገኛል። ጉባኤው ይህን አሳብ እንዲወያይበትና ከመበተኑ በፊት ምዝገባውን እንዲጀምር በአክብሮት ቀርቧል።