እሳቱ ታይቶ ነበር



ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ሰደድ እሳት ነው። ነገሩ የሆነው በሩቅ አገር፣ በአውስትራሊያ ነው፤ ነገር ግን ለዚያ አገር ጨርሶ ባዕድ አይደለንም። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ጓሯችንንና ምድጃችንን የሞላው ባሕር ዛፍ የዚያው አገር ተክል ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፤ የብዙው ዓይነት ልጥም ሲደርቅ እየተላጠ ይንጠለጠላል። ይኸ ልጥ ነፋስ ሲያገኘው እየነደደ ይበርና ከዋናው እሳት ብዙ ኪሎሜትር ቀድሞ ሌላ እሳት ይጭራል። ስለዚህ የአውስትራሊያ ሰደድ እሳት የሚሮጥ ብቻ ሳይሆን የሚዘል እሳት ነው። ይኸን ያዙልን።

ቅዳሜ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 (የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቪክቶሪያ በተባለችው ግዛት፣ በሜልበርን ከተማ፣ ሙቀቱ 46.4 ዲግሪ ደረሰ፤ ነፋሱም በየቦታው በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር በላይ ይነፍስ ነበር። በዚያ ቀን እሳት 173 ሰዎች ሞቱ፤ ከ2,000 በላይ ቤቶች ዐመድ ሆኑ። ከሟቾቹ 119ኙ ያለቁት ኪልሞር ኢስት ከሚባል ቦታ በተነሣ በአንድ እሳት ነው። መነሻውም ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ኮረብታ ላይ የተበጠሰ ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር።

«እሳቱን ያየ አልነበረም ወይ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ነበረ እንጂ! ማማ ላይ የተቀመጠ ጠባቂ ጢሱን ወዲያው አይቶ ተናግሯል፤ የእሳት አደጋ መኪናዎችም ሄደዋል። እሳቱ ግን አመለጣቸው፤ ከቀትር በኋላም አውራ ጎዳናውን ተሻግሮ ወደ ደኑ ገባ። በጥሞና እንድትሰሙን የምንፈልገው ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው።

በቪክቶሪያ ገጠር እሳትን የሚከላከሉ ሁለት ድርጅቶች ነበሩ። አንደኛው፣ አብዛኞቹ ሰዎቹ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ የአገሬው ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ የግል መሬትን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው የመንግሥትን ደን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነበር። እሳት ግን የመሬት ባለቤት ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ሁለቱም የየራሳቸው ራዲዮ፣ የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። እሳቱን የሚያዝዘው ጣቢያ በኪልሞር ከተማ ነበር። እሳቱ በሚሄድበት በኩል ደግሞ ካንጋሩ ግራውንድ የሚባል ሌላ ጣቢያ አለ። በዚያ የነበሩት ሰዎች እሳቱ ወዴት እንደሚመጣ ገብቷቸው ለመንደሮቹ የሚነገረውን ማስጠንቀቂያ ጽፈው አዘጋጁ። ይሁን እንጂ እሳቱ «የኪልሞር» ነውና ማስጠንቀቂያውን ራሳቸው ማውጣት አልተቻላቸውም። በሜልበርን ባለው ዋና መምሪያም የእሳትን አካሄድ የሚያሰሉ ባለሙያዎች እሳቱ የሚደርስበትን ቦታ የሚያሳይ ካርታ በዚያው ቀን ሠርተው ነበር፤ ካርታው ግን ማስጠንቀቂያ ከሚጽፈው ሰው እጅ አልደረሰም። የአደጋ ጥሪ የሚቀበሉት የቴሌፎን መሥመሮች ተጨናንቀው ብዙ ሰው ደውሎ መልስ አጣ። በስትራትዌንና በኪንግሌክ ብዙው ነዋሪ እሳቱን ያወቀው ደጁ ላይ ሲያየው ነው።

ማታ 12 ሰዓት ገደማ ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍስ የነበረው ነፋስ ዞሮ ከደቡብ ምዕራብ ነፈሰ። በነፋስ የሚነዳ እሳት ቅርጹ እንደ ጦር ቀጭንና ረዥም ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ግን ያ ረዥም ጎኑ ሁሉ ግንባር ይሆናል። የነፋሱን መዞር የሜትዎሮሎጂ ሰዎች አስቀድመው ተናግረው ነበር። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ጢሱን ያየ ነበረ፣ መንገዱን ያሰላ ነበረ፣ ነፋሱን የተነበየ ነበረ፣ ማስጠንቀቂያውንም የጻፈ ነበረ። የጎደለው ዐይን አልነበረም፤ እነዚህን አራቱን የሚያገናኝ ነገር ነበር እንጂ።

ነገሩን የመረመረው ንጉሣዊ ኮሚሲዮን በ2010 67 ምክሮች አቀረበ። ከእነዚህ አንዱ፣ ሁለቱ ድርጅቶች አሠራራቸውንና የመገናኛ መሣሪያቸውን አንድ ዓይነት አድርገው እርስ በርስ እንዲግባቡ የሚል ነው። ሲሰሙት ደረቅ የቢሮ ቃል ይመስላል። እኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው እንላለን። አውስትራሊያውያን ይኸን ዓይነት ጣጣ ከጥንት ያውቁታል፤ የቪክቶሪያ የባቡር ሐዲድ ስፋቱ 1,600 ሚሊሜትር፣ የጎረቤቷ የኒው ሳውዝ ዌልስ 1,435 ሚሊሜትር ስለ ነበረ እስከ 1962 ድረስ ከሲድኒ ወደ ሜልበርን የሚሄድ መንገደኛ ወሰን ላይ ወርዶ ባቡር ይለውጥ ነበር። (የጅቡቲው አሮጌ ሐዲድ 1 ሜትር፣ አዲሱ 1,435 ሚሊሜትር መሆኑን የሚያውቅ ሰው በነሱ አይስቅም።) ባቡር መለወጥ ግን እንቅልፍ ያሳጣል እንጂ ሰው አይገድልም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። የጃፓን ሳተላይት ሂማዋሪ 36,000 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሆና በየ10 ደቂቃው አውስትራሊያን ታያለች። ከ2015 ጀምሮ 8ኛዋ፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ 9ኛዋ ይኸን ሥራ ይዘዋል። ዐይናችን በማያየው፣ የሞገዱ ርዝመት 4 ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ጨረር፣ የሚነድ ነገር ካካባቢው እጅግ ደምቆ ይታያል። ነገር ግን የሥዕሏ አንዱ ነጥብ 2 ኪሎሜትር ስፋት አለው። ምድርን የሚዞሩት ዝቅተኞቹ ሳተላይቶች በ375 ሜትር ነጥብ አጥርተው ያያሉ፤ እነሱ ደግሞ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ያልፋሉ። አንዱ ፈጣን ሆኖ ደብዛዛ፣ ሌላው ጥርት ያለ ሆኖ ዘገምተኛ ነው። ሁለቱም በደመና ይጋረዳሉ፤ የጋለ የፋብሪካ ጭስ ማውጫም እሳት ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከምድር የሚያረጋግጥ ዐይን ያስፈልጋል። በደቡብ አውስትራሊያና በቪክቶሪያ ወሰን ባሉት የጥድና የባሕር ዛፍ ተክሎች አሁን ማማዎቹ ላይ ካሜራ ቆሟል፤ ጢስን ከደመና የሚለይ የኮምፒዩተር ፕሮግራምም ሥዕሉን ይመለከታል።

ግን አስተውሉ፤ አንድ ካሜራ የሚነግረን ጢሱ በየት አቅጣጫ እንዳለ ብቻ ነው። ቦታው የሚታወቀው የሁለት ካሜራ መሥመሮች ካርታ ላይ ሲቆራረጡ ነው፤ የጂኦሜትሪ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ አንደኛው ካሜራ የኩባንያ፣ ሁለተኛው የመንግሥት ቢሆንና ሥዕላቸው በአንድ ካርታ ላይ ባይገናኝ፣ ሁለቱ መሥመሮች ለዘላለም አይቆራረጡም!

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ትልቅ ማሽን ሳይሆን የጋራ ቅጽ ነው። በ2004 የወጣው የጋራ ማስጠንቀቂያ ደንብ፣ ማናቸውም የአደጋ መልእክት በአንድ ዓይነት ሥርዐት እንዲጻፍ ያዛል፤ ምን እንደ ደረሰ፣ የት፣ ምን ያህል አስቸኳይ፣ ምን ያህል ብርቱ፣ ምን ያህል የተረጋገጠ እንደ ሆነ። አውስትራሊያም ይኸን ለራሷ አስማምታ ተቀብላለች። እንዲህ ከተጻፈ ራዲዮውም፣ ቴሌፎኑም፣ መንገድ ዳር ያለው ሰሌዳም ያለ አስተርጓሚ ያነቡታል። አንዳንድ ሰዎች «ሁሉን አንድ ማእከል ይያዘው» ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ያ ማእከል ሲወድቅ ሁሉ ይወድቃልና። እያንዳንዱ የራሱን መሣሪያ ይያዝ፣ ቋንቋው ግን አንድ ይሁን። ደግሞም ቅጹ ብቻውን ካንጋሩ ግራውንድን ባላዳነም ነበር፤ የጻፈው ሰው የማውጣት ሥልጣን ሊኖረው ይገባል።

የቃልም ነገር አለ። ከ2009 እሳት በኋላ የመጨረሻው ክፉ ቀን በቪክቶሪያ «ኮድ ቀይ» ሲባል፣ ወንዝ ተሻግሮ በኒው ሳውዝ ዌልስ «ካታስትሮፊክ» ይባል ነበር። በ2019 እና 2020 በጋ ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተቃጠለ፤ 33 ሰዎች በእሳቱ ሞቱ፤ ከ3,000 በላይ ቤቶች ጠፉ። እሳቱ ከግዛት ወደ ግዛት ሲሻገር የማስጠንቀቂያው ካርታ ወሰን ላይ ይቆም ነበር። ለመላው አገር አንድ ዓይነት የእሳት ደረጃ፣ አራት እርከን ያለው፣ ሥራ ላይ የዋለው ሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ነው። በዚያ በጋ የቴሌፎን ማማዎችም ዝም ያሉት አብዛኛውን ጊዜ እሳት በልቷቸው ሳይሆን ኤሌክትሪክ ስለ ተቋረጠባቸው ነው። ስለዚህ ባትሪና ጀነሬተርም የዚሁ ጥበብ ክፍል ናቸው፤ ማንም ስለነሱ ንግግር ባያደርግም።

በ2019 የስሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል እሳት አጥፊዎች ከእስራኤል፣ ሄሊኮፕተር ከኬንያ መጥተው ከአገሩ ሕዝብ ጋር ደክመዋል። ሂማዋሪ ወደኛ አታይም፤ የአውሮፓው ሜቴዎሳት ግን ያያል፤ የዝቅተኞቹ ሳተላይቶች የእሳት ነጥቦችም ለማንም ሰው በነፃ ይሰጣሉ። እንግዲህ እኛ ስንነጋገርበት የሰነበትነው ጥያቄ ይኸ ነው፤ ያ ነጥብ በወጣ ሰዓት ደባርቅ ላይ የማን ቴሌፎን ይጮኻል? የፓርኩ ጠባቂ፣ የወረዳው ሹምና ከሌላ አገር የመጣው አብራሪ አንዱን ገደል በአንድ ስም ይጠሩታል ወይ? የጂኦግራፊና የኢንጂኔሪንግ ተማሪዎች፣ የስሜንም ልጆች በተለይ፣ አሁን ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ የምታውቁትን ንገሩን።